ዩኒፎርሙን ያለበሰውስ ማን ነው? ስለ ስታንፎርዱ እስር ቤት ፊልም ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ወዳጆቼ አንድ ጽሑፍ እየተቀባበሉ ላኩልኝ። በ2015 ስለወጣው «ዘ ስታንፎርድ ፕሪዝን ኤክስፐሪመንት» ስለተባለው ፊልም የተጻፈ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያኑ ነው።) ጽሑፉ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚለው ተረት ይጀምርና ወዲያው ወደ ድምዳሜ ይንደረደራል። ማንኛውም ጨዋ ልጅ ዩኒፎርም ለብሶ ዱላ ከያዘ በሳምንት ውስጥ አውሬ ይሆናል፤ ይህን ሳይንስ አረጋግጧል፤ ፊልሙም ሳይጨምር ሳይቀንስ አሳይቶናል ይላል። በመሀል ደግሞ ሌሎች ነጥቦች ጣል ያደርጋል። በሙከራው ሰው ሞቷል። ፊልሙ አንድ ኮሪደር ውስጥ ተወሽቆ የቀረው ገንዘብ አጥሮት ነው። ጠባቂዎቹም አይወቀሱም፤ ጥፋቱ የዩኒፎርሙ ነው።

ፊልሙን እወደዋለሁ። ደጋግሜም አይቼዋለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ለዚሁ ነው። ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊታችን ላይ የሚመላለሰውን ሰውዬ ሳያዩት አልፈዋል።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። በ1971 የበጋ ወራት ፊሊፕ ዚምባርዶ የተባለ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ለእስር ቤት ሕይወት ጥናት ወንድ የኮሌጅ ተማሪዎች ይፈለጋሉ፤ በቀን 15 ዶላር ይከፈላል የሚል ነው። 75 ያህል ልጆች አመለከቱ። 24ቱ ተመረጡ። ጤነኞች፣ የወንጀል ታሪክ የሌላቸው፣ አብዛኞቹም ደህና ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ነጭ ልጆች ነበሩ። ማን እስረኛ፣ ማን ጠባቂ እንደሚሆን በዕጣ ተለየ። በኦገስት አጋማሽ የፓሎ አልቶ ከተማ ፖሊሶች እስረኞቹን ከየቤታቸው ካቴና አስገብተው ሰበሰቧቸው። ሁለት ሳምንት ይቆያል የተባለው ሙከራ በስድስተኛው ቀን ተቋረጠ።

ከቀላሉ ልጀምር። ማንም አልሞተም። ሰው የሚሞተው «ዳስ ኤክስፐሪመንት» በተባለው የጀርመን ፊልም ላይ ነው። ኦሊቨር ሂርሽቢገል ያዘጋጀውና ሞሪትዝ ብላይብትሮይ የተወነበት፣ በ2001 የወጣው ማለት ነው። እሱ መነሻ ያደረገው የማሪዮ ጆርዳኖን ልብ ወለድ ነው፤ ልብ ወለዱ ደግሞ የስታንፎርዱን ሐሳብ ይዞ ወደ ደምና ግድያ ወስዶታል። በ2010 አሜሪካኖች ያንኑ የጀርመን ፊልም በአድሪያን ብሮዲና በፎረስት ዊታከር እንደገና ሠሩት። ሦስቱን አቀላቅሎ ማስታወስ የተለመደ ነው፤ እኔም አልፈርድም። ግን «ሳይጨምር ሳይቀንስ» እያሉ የሌላ ፊልም ሬሳ ማምጣት ትንሽ ያስቃል።

«ሳይጨምር ሳይቀንስ» ወደሚለው እንሂድ። ስክሪፕቱን የጻፈው ቲም ታልቦት፣ ያዘጋጀው ካይል ፓትሪክ አልቫሬዝ ነው። ፕሮጀክቱ ካሜራ ፊት እስኪቆም ከአሥር ዓመት በላይ በየቢሮው ተንከባሏል። ሲወጣ ግን አልተናቀም። በ2015 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የስክሪፕት ሽልማት ወስዷል፤ ሳይንስን ለሚመለከቱ ፊልሞች የሚሰጠውን የአልፍሬድ ስሎን ሽልማትም ጨምሯል። ብዙው ንግግር በጊዜው ከተቀረጸውና ከተመዘገበው የተወሰደ ነው። ዚምባርዶ ራሱም በአማካሪነት ሠርቷል። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ከስድስቱ ቀንና ሌሊት የተቀረጸው ትንሹ ብቻ ነው። ካሜራው መቼ እንደሚበራ የሚወስኑት ደግሞ ዚምባርዶና ረዳቶቹ ነበሩ። ማን ያሰለቻል፣ ማን ይቀረጻል የሚለው ምርጫ ገና በ1971 ተጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ ታልቦት መጣና ከተመረጠው ላይ መረጠ። አልቫሬዝና የፊልም አቀናባሪዎቹ መጡና ከተመረጠው ተመርጦ ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ሠሩ። የአንዱ ሰው ስም ተቀየረ፤ የሌላው ቦታ ተሸጋሸገ። ለምሳሌ ኔልሳን ኤሊስ የሚጫወተው ጄሲ ፍሌቸር የሚባል ሰው በእውኑ አልነበረም። በምትኩ የነበረው ካርሎ ፕሬስኮት የተባለ፣ ረጅም ዘመን ታስሮ የወጣና ዚምባርዶን ያማከረ ሰው ነው። ይህ ለፊልም ነውር አይደለም። ፊልም እንዲህ ነው የሚሠራው። ነውሩ የሚመጣው እኛ ተመልካቾቹ የተሰፋውን ልብስ ቆዳ ነው ስንል ነው።

ከሁሉ በላይ የቀረው ደጉ ጠባቂ ነው። ዚምባርዶ ራሱ ጠባቂዎቹን በሦስት ይከፍላቸዋል። ጥብቅ ግን ደንብ አክባሪዎች አሉ። ለእስረኞቹ ትንሽ ትንሽ ውለታ የሚውሉ፣ አንድም ቀን ያልቀጡ አሉ። ሲሦ ያህሉ ደግሞ ሰው ማዋረድ የሚያስደስታቸው ሆኑ። ሲሦ ነው እንግዲህ፤ ሁሉም አይደለም። ዩኒፎርም አውሬ ያደርጋል ለሚሉን ጸሐፊ አንድ ጥያቄ አለኝ። የቀሩት ሁለት እጆች ምን ለብሰው ነበር? ያንኑ ካኪ፣ ያንኑ ፊሽካ፣ ያንኑ ዱላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጽሑፉ ብዙ ቦታ የሰጠው ለሌሊት ፈረቃው ጠባቂ ነው። እስረኞቹ «ጆን ዌይን» ብለው የሰየሙት ልጅ። ፊልሙ ላይ ክሪስቶፈር አርቸር ተብሎ ማይክል አንጋራኖ ይጫወተዋል፤ እጅግ ግሩም አድርጎ። ጸሐፊው ይህን ልጅ ዋና ማስረጃቸው አድርገው አቅርበዋል። ጨዋ ተማሪ ነበር፣ ካኪውን ለበሰ፣ ጨካኝ ሆነ ብለው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ እንደውም ከዚህ የበለጠ የሚገርም ነው። ልጁ የካሊፎርኒያ ልጅ ነው። እስረኞቹ ፊት ሲቆም ግን የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ገጠር ሰው እየመሰለ፣ ቃላቱን እየጎተተ ነበር የሚናገረው። ከየት አመጣው? ከሲኒማ። በ1967 ፖል ኒውማን የተወነበት «ኩል ሃንድ ሉክ» የሚባል የእስር ቤት ፊልም ወጥቶ ነበር። እዚያ ላይ ድምፁን አለስልሶ፣ ፈገግ ብሎ እስረኛ የሚያስቀጣ አዛዥ አለ። ልጁ የቀዳው እሱን ነው። ይህን ከጊዜ በኋላ በራሱ አንደበት ተናግሯል። ትወና ተምሮ ነበር። ወደ ሙከራው የገባውም አቅዶ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው ምንም ሳይፈጠር እንዳይቀር፣ የሚሠሩበት ነገር ልሰጣቸው አሰብኩ ይላል። የኮሌጅ ወንድማማች ማኅበራት አዲስ ገቢዎችን የሚያዋርዱበትን ልማድም ያውቀው ነበርና ከዚያም ቀድቷል።

ገና አላለቀም። ያ ሁላችንም የምናስታውሰው የመስታወት መነጽርስ? የጠባቂዎቹን ዓይን የሚሸፍነው፣ እስረኛው ቀና ሲል የራሱን ፊት ብቻ የሚያይበት? እሱንም ዚምባርዶ ያመጣው ከዚያው ፊልም ነው። ራሱ ጽፎታል። «ኩል ሃንድ ሉክ» ላይ እንዲህ ዓይነት መነጽር የሚያደርግ፣ ዓይኑ የማይታይ ጠባቂ አለ።

እስቲ ቆም ብለን እንየው። በ1967 ሆሊውድ ስለ እስር ቤት ፊልም ሠራ። በ1971 አንድ ፕሮፌሰር ከፊልሙ መነጽር ወሰደ፤ አንድ ተማሪ አነጋገር ወሰደ። ሁለቱ ተገናኙና «ሙከራ» ተባለ። በ2015 ደግሞ ሙከራው ተመልሶ ፊልም ሆነ። ተዋናዩ አንጋራኖ አንድ ተዋናይ የመሰለውን ልጅ ሆኖ ይተውናል። ዩኒፎርም ሰውን ቀየረ የምንለው የትኛውን ዩኒፎርም ነው? ካኪው ከወታደር ልብስ መሸጫ የተገዛ፣ መነጽሩና አነጋገሩ ከሲኒማ የመጣ። ልጁ ሥልጣን ሲያገኝ ከውስጡ የወጣ ድብቅ አውሬ አይደለም የምናየው። ድርሰቱን በልቡ ይዞ መድረክ ላይ የወጣ ልጅ ነው። ጭካኔው ግን ቀልድ አልነበረም፤ ይህን ማለቴ አይደለም። የሚያለቅሰው እስረኛ እንባው እውነተኛ ነው።

ፊልም ሠሪዎቹ ይህን አልደበቁም። አርቸር ያለ መነጽሩ እንዴት እንደሚናገር እንሰማለን። ፈረቃው ሲጀምርና ሌላ ሰው ሲሆን እንሰማለን። ሙከራው አልቆ ቁጥር 416 ከነበረው እስረኛ ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጥ ድምፁ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ግንኙነት በእውኑም ተደርጓል፤ ተቀርጿልም። ጠባቂው እዚያ ላይ የሚለው ነገር ከጽሑፉ ድምዳሜ ጋር አይሄድም። እኔም የራሴን ትንንሽ ሙከራ እያደረግኩ ነበር፤ ሰው ምን ያህል ስድብ ችሎ ከዚያ በኋላ እንደሚቃወም ማየት ፈልጌ ነበር ይላል። አንዱም ተነስቶ «ተው» ያለኝ የለም ብሎም ይገረማል። ይህ ንግግር ዩኒፎርም ውስጥ ጠፍቶ የቀረ ሰው ንግግር አይደለም።

ጸሐፊው ያላዩት ሰውዬ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቢሊ ክሩዳፕ የሚጫወተው፣ ራሱ ዚምባርዶ። ጽሑፉ ስሙን የሚያነሳው እንደ ተመልካች ነው። ሳይንቲስቱ ዳር ቆሞ አየ፣ መዘገበ፣ ደነገጠ ዓይነት። እንዲህ አይደለም። ዚምባርዶ ሙከራው ውስጥ የእስር ቤቱ ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ ገብቷል። ሥራው ማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ወንበር ምን ያስፈልገው ነበር?

ከመክፈቻው በፊት ለጠባቂዎቹ ገለጻ ሰጥቷቸዋል፤ ይህም ተቀርጿል። መምታት ክልክል ነው። መሰልቸት መፍጠር፣ ፍርሃት መፍጠር፣ ሕይወታቸው ሙሉ በሙሉ በእኛ እጅ እንደሆነ እንዲሰማቸው ማድረግ ግን ይቻላል አላቸው። «በእኛ» ነው ያለው፤ እሱና ጠባቂዎቹ ባንድ ወገን። ከዚያ በኋላ አንደኛው ጠባቂ ሲለሳለስ፣ የእስር ቤቱ ኃላፊ ተደርጎ የተሰየመው የዚምባርዶ ተማሪ ለብቻው ጠርቶ አነጋገረው። ጠባቂ ሁሉ ጠንከር ማለት አለበት፣ አንተም ግባበት እያለ ገፋፋው። የዚህም የድምፅ ቅጂ ተገኝቷል። ቲቦ ለ ቴክሲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ የስታንፎርድን መዝገብ ቤት በርብሮ በ2018 መጽሐፍ፣ በ2019 ደግሞ አሜሪካን ሳይኮሎጂስት በተባለው መጽሔት ጽሑፍ አውጥቷል። ከደንቦቹም ብዙዎቹ ጠባቂዎቹ ከልባቸው ያፈለቋቸው ሳይሆኑ፣ ያው የዚምባርዶ ተማሪ ቀደም ብሎ በተማሪዎች ማደሪያ ካደረገው ትንሽ ሙከራ የተሻገሩ እንደነበሩ አሳይቷል።

ዚምባርዶ ለዚህ ሁሉ መልስ ሰጥቷል፤ መልሱን አለመጥቀስ ግፍ ይሆናል። ጠንከር በሉ መባላቸው እውነተኛ ጠባቂዎች ከአለቆቻቸው ከሚሰሙት አይለይም፤ ምን ያህል እንደሚጠነክሩ ግን ማንም አልነገራቸውም ብሏል። እውነት አለው። ግን ይህ መልስ ራሱ የጸሐፊያችንን ክርክር ያፈርሰዋል። አለቃ ነበረ፣ አለቃውም ጠንክሩ ብሏል ማለት ነዋ! «ዩኒፎርሙ በራሱ» የሚባል ነገር የት ሄደ?

ከዚምባርዶ ትረካዎች ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝም የሚያስደነግጠኝም አንድ ምሽት አለ። የተለቀቀ እስረኛ ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ እስር ቤቱን ሊሰብር ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ሳይንቲስት ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን አውጥቶ ይመዘግብ ነበር። ዚምባርዶ ግን ፓሎ አልቶ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እስረኞቼን አሮጌው እስር ቤታችሁ አስገቡልኝ አለ። ለኢንሹራንስ አይመችም ብለው መለሱት፤ ተናደደ። ከዚያ እስረኞቹ ባንድ ሰንሰለት ተያይዘው፣ ራሳቸው ላይ ከረጢት ተደፍቶ አምስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ዕቃ ቤት ተወሰዱ። እሱ ብቻውን ባዶው ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። ሰባሪዎቹ ሲመጡ ሙከራው አልቋል፣ ሁሉም ቤቱ ሄዷል ብሎ ሊሸኛቸው። ማንም አልመጣም። የመጣው ጎርደን ባወር የተባለ የሥራ ባልደረባው ነው። ምን እየሠራህ ነው አለው፤ አስረዳው። ባወርም ማንኛውም የምርምር ተማሪ የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀ፦ ለመሆኑ የምታነጻጽረው ምንን ከምን ጋር ነው? ዚምባርዶ በገነ። እስር ቤቴ ሊሰበር ነው፣ ይሄ ሰውዬ ስለ ምርምር ዘዴ ያወራል ብሎ። ይህን ራሱ ነው የጻፈው።

ክሩዳፕን አስተውላችሁ እዩት። ፊልሙ በየጊዜው ከኮሪደሩ እየወጣ ወደ መከታተያው ክፍል ይገባል። ሰውዬው ትንሿን ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቆያል። መጀመሪያ ደስ ይለዋል፣ ቀጥሎ ይቁነጠነጣል፣ ከዚያ ማንም እንዲያቋርጠው አይፈልግም። ዳይሬክተር ይመስላል አይደል? ነውም። ቦታ መርጧል፣ አልባሳት አዘጋጅቷል፣ ሚና አከፋፍሏል፣ ቀረጻ አለው። አልቫሬዝ ስለ ጠባቂዎች የሠራ መስሎ ስለ አንድ ዳይሬክተር ፊልም ሠርቷል። እኔ የማምነው ይህንን ነው።

የኮሪደሩን ነገር ካነሳን፣ ገንዘብ አጥሮ ነው የተባለው ግምት ጨርሶ አያስኬድም። አዎ፣ ፊልሙ ትንሽ ፊልም ነው። ግን እስር ቤቱ በእውኑም ኮሪደር ነበር። የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ያለበት፣ በጊዜው ጆርዳን ሆል ይባል የነበረ ሕንፃ አለ። ምድር ቤቱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ የላቦራቶሪ ክፍሎች በራቸው ተነቅሎ ፍርግርግ ተገጠመላቸው። በየክፍሉ ሦስት እስረኛ። መተላለፊያው «ግቢ» ተባለ፤ እስረኞቹ የሚቆጠሩትም፣ ፑሽ አፕ የሚሠሩትም፣ የሚበሉትም እዚያው ነው። ተቃራኒው ግድግዳ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ብቻ የሚችለው ቁምሳጥን አለ፤ እሱ ጨለማ ቤት ሆነ። መስኮት የለም፣ ሰዓት የለም። ሽንት ቤት ለመሄድ ከረጢት ራስ ላይ ተደፍቶ ነው፤ መውጫው የት እንደሆነ እንዳያውቁ። በኮሪደሩ ጫፍ ግድግዳው ተበስቶ ካሜራ ተተክሏል።

አልቫሬዝ ካሜራውን እያወጣ ሜዳና ዛፍ ቢያሳየን ኖሮ ትንፋሽ ባገኘን ነበር። ትንፋሽ እንዳናገኝ ነው የተፈለገው። ግድግዳው ቀለል ያለ፣ ንጹሕ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ነው። ደም የለም፣ የተሰበረ አጥንት የለም። የሚያስጨንቀው የቁጥር ጥሪው ነው። እስረኞቹ ተሰልፈው ቁጥራቸውን ይጠራሉ። እንደገና። ወደ ኋላ። እንደገና። በዘፈን። አንዱ ይስቃል፤ ፑሽ አፕ። እንደገና። ካባ መሳይ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ከሥሩ ሌላ ልብስ የለም፣ ራሳቸው ላይ የሴት ስቶኪንግ ተጠልቋል፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሰንሰለት። ተመልካቹ መጀመሪያ ከልጆቹ ጋር ፈገግ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ፈገግታው የት እንደጠፋ አያውቅም። ይህን በሰፊ መልክዓ ምድር መሥራት አይቻልም።

ቁጥር 8612ን በተመለከተም ጽሑፉ ቸኩሏል። ፊልሙ ላይ ኤዝራ ሚለር የሚጫወተው እስረኛ ነው። ገና በሁለተኛው ቀን እየጮኸ፣ ውስጤ ነደደ እያለ ተለቀቀ። ጸሐፊው ይህን በ36 ሰዓት ውስጥ የተሰበረ ሰው ማስረጃ ነው ይላሉ። ሰውዬው በአንድ ወቅት እንደዚያ ዓይነት ነገር ተናግሯል፤ ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ ብሏል። በ2018 ግን ለአንድ ጋዜጠኛ ሌላ ታሪክ ነገረ። ለፈተና ላጠና ነበር፣ መጽሐፎቼን ከለከሉኝ፣ መውጫ ሳጣ አስመሰልኩ አለ። የትኛው ነው እውነቱ? ምናልባት ሁለቱም ትንሽ ትንሽ። አንድ ነገር ግን ከሁለቱም ይወጣል። ልጁ መውጣት ፈልጎ ነበር፤ አትወጣም የሚል መልእክት ደረሰው። ወደ ክፍሉ ተመልሶም ለሌሎቹ መውጣት አይቻልም ብሎ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም እውነት እስር ቤት ነው ብለው አመኑ። በሩን የዘጋው ዩኒፎርም አይደለም፤ የአስተዳዳሪው ቢሮ ነው።

ይህ ወደ ወቀሳው ይወስደናል። ጸሐፊው የአሜሪካ ወታደሮች እስረኞችን ያሰቃዩበትን የኢራቅ እስር ቤት፣ አቡ ግራይብን ጠቅሰው፣ በ2004 የወጡትን የኢራቅ እስረኞች ፎቶዎች አስታውሰው፣ ጠባቂ ላይ መፍረድ አይገባም ይላሉ። ዚምባርዶም ከተከሰሱት ወታደሮች ለአንዱ በባለሙያ ምስክርነት ቀርቦ፣ መጥፎ ፖም ሳይሆን መጥፎ በርሜል ነው፣ ማለትም ያበላሸው ሰውየው ሳይሆን ያስገቡት ሁኔታ ነው ብሎ ተከራክሯል። ወታደሩ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ዚምባርዶ ግን ሁኔታው ያብራራል እንጂ ነፃ ያወጣል አላለም። በርሜል ካልን ደግሞ በርሜሉን የሠራው ሰው አብሮ ይጠየቃል። ጽሑፉ ግን ጠባቂውንም አለቃውንም አሰናብቶ ጨርቅ ይከሳል። ይህ ለአለቆች እንዴት ያለ ምቹ ንባብ ነው!

ፊልሙ ራሱ ይህን አይቀበልም። ሐሙስ ሌሊት ክርስቲና ማስላክ መጣች። በቅርቡ ዶክትሬቷን የጨረሰች፣ የዚምባርዶ ፍቅረኛ የነበረች ሴት ናት፤ ፊልሙ ላይ ኦሊቪያ ተርልቢ ትጫወታታለች። እስረኞቹ ራሳቸው ላይ ከረጢት ተደፍቶ፣ እግራቸው ተያይዞ ወደ ሽንት ቤት ሲነዱ አየች። ሌላው ሰው ሁሉ አይቶ ያለፈውን ነገር እሷ ማለፍ አቃታት። ዚምባርዶ እንደሚለው 50 ያህል የውጭ ሰዎች እስር ቤቱን አይተውታል። ቄስ መጥቷል፣ ወላጆች መጥተዋል፤ ይህ ትክክል አይደለም ያለችው እሷ ብቻ ናት። እሷ ታዲያ ማንን ነው የተቆጣችው? ጆን ዌይንን አይደለም። በነዚህ ልጆች ላይ የምታደርገው ነገር አሰቃቂ ነው አለችው፤ ለዚምባርዶ። በማግስቱ ጠዋት ሙከራው ተዘጋ።

የቀረው «ሳይንስ አረጋግጧል» የሚለው ነው። በ2007 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ አወጡ። አንደኛው የ1971ዱን የመሰለ፣ «የእስር ቤት ሕይወት» የሚል። ሌላው ያው ሆኖ እስር ቤት የሚለው የወጣለት። እስር ቤት የሚለውን አይተው የመጡት ሰዎች በጠበኛነትና በአዛዥነት ዝንባሌ ከፍ ብለው፣ በርኅራኄ ዝቅ ብለው ተገኙ። ማን ተመዘገበ የሚለው ራሱ ነገሩን ሊያዘነብለው ይችላል ማለት ነው።

በ2002 በቴሌቪዥን በቀረበ ጥናት ደግሞ አሌክስ ሃስላምና ስቲቭ ራይከር የተባሉ የእንግሊዝ ምሁራን ከቢቢሲ ጋር ሆነው 15 ወንዶችን በተሠራ እስር ቤት ውስጥ አስገቡ። በዚህኛው ግን ጠንክሩ የሚል አስተዳዳሪ አልነበረም። ጠባቂዎቹ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ቁልፍ ይዘው፣ የተሻለ ምግብ እየበሉ፣ ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። በሥልጣናቸው አፈሩበት፤ እርስ በርስም አልተስማሙም። እስረኞቹ ተባብረው በስድስተኛው ቀን አመፁ፤ የጠባቂዎቹ አገዛዝ ፈረሰ። ከዚያ ሁሉም እኩል ነን ብለው የጋራ ኑሮ መሠረቱ። እሱም ወዲያው ሲንገዳገድ፣ ጥቂቶቹ ተሰብስበው ከበፊቱ የከረረ ሥርዓት እናቁም፣ ጥቁር ኮፍያና ጥቁር መነጽር ስጡን አሉ። ተመራማሪዎቹ በስምንተኛው ቀን አቆሙት። ዚምባርዶ ይህንን የቴሌቪዥን ትርዒት እንጂ ሳይንስ አይደለም ብሎ አጣጥሎታል፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ትንሽ ይገርማል። ያም ሆነ ይህ፣ ዩኒፎርም የለበሱት በሥልጣናቸው አፍረው፣ ጥቁር መነጽር ስጡን ያሉት ከጠባቂም ከእስረኛም ወገን የተሰባሰቡ ሰዎች ሆኑ። ጸሐፊው ይህንን በሚቀጥለው ጽሑፋቸው እንዴት እንደሚያስታርቁት ለማንበብ ጓጉቻለሁ።